በስሜ የፈረመው አያት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ከዚያ እንፋሎት ሲተፋ ከሚውል የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወጥተሽ ወደ ማደሪያሽ ስትሄጂ ብርድ አይመታሽም? ያቺ አብራሽ የምታድረው ሴት ማንኮራፋቷን ተወች ወይስ አንቺ ለመድሽው? ከሁሉ በላይ ስለ እጆችሽ ንገሪኝ፤ እጆችሽ እንዴት ናቸው? ይህን ጥያቄ እንደ ደብዳቤ ማሟሻ ቆጥረሽ አትለፊው፤ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ። ከእኔ ከአባትሽ፣ ከእናትሽ፣ ከልጆችሽ ከትልቋና ከትንሹ የማያልቅ ሰላምታ ይድረስሽ።

ከዚህ ቀጥዬ እንደ ልማዴ «እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ። ጽፌውም ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ወረቀት አባካኝ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ የተጻፈበትን ወረቀት ጀርባ ሳልጨርስ የምጥል ሰው አይደለሁም። ልብሽ እንዳይደነግጥ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ የሞተ የለም፣ አልጋ የያዘ የለም፣ ከቤት የጠፋም የለም። ግን «ደህና ነን» የሚለው ቃል በዚህ ቤት ምን ሲሠራ እንደከረመ የምነግርሽ አለኝና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ የእኔ አፍ ስለሚተሳሰር ነው፤ ከዚያ ካርዱ ያልቅና ሁለታችንም «በቃ ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁን» ብለን እንዘጋዋለን።

ነገሩ የጀመረው በስፖርት ጫማ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ትልቋ የስፖርት ጫማዋን በር ሥር ረስታ ሄደች። እኔ ረፋድ ላይ ወደ ቤት ስገባ አየሁትና፣ ያለ ጫማ አስተማሪው ይቀጣታል ብዬ በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ እኔ መሪ ስጨብጥ ገና ያልተወለደ ወጣት ነው። የልጅቷ አያት ነኝ፣ ጫማዋን ላቀብል ነው የመጣሁት አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አባቴ፣ የልጅቷን አያት እኔ በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ መጥተዋል። እርስዎ አይደሉም» አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ። እስካሁን በየፌርማታው ባርኔጣውን የሚያነሳልኝ አይጠፋም። የገዛ ልጄ ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ግን አያቷ አይደለህም ተባልኩ። ተሳስተሃል ብዬ ስቆጣ እሱም ተቆጣ፤ እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሱ ፊሽካውን ያዘ። በመጨረሻ እየገፋም እያከበረም ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ወሰደኝ።

ርዕሰ መምህርቷ ቁጥብ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩሽ የሠራሽውንም ያልሠራሽውንም ያናዝዙሻል። የወላጆች መዝገብ የሚሉትን ትልቅ ደብተር ገልጠው አሳዩኝ። ሦስት ቦታ ላይ የእኔ ስም ከነአባቴ ተጽፏል፣ ከጎኑ እባብ የመሰለ ፊርማ አለ። መታወቂያዬን አወጣሁ። ስሙ ገጠመ፣ ፊርማው አልገጠመም። ሴትዮዋ አጭበርባሪው እኔ ነኝ ብለው እንዳሰቡ ከዓይናቸው አየሁ። ያ አያት ነኝ ያለው ሰው ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳቸው። ረዘም ያሉ፣ ሳቂታ፣ ባለ ግራጫ ባርኔጣ ናቸው አሉኝ። ቀጥለውም፣ በወላጆች ስብሰባ ቀን መቀመጫ ሲጠፋ ተነስተው «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ ኋላ ባዶ ነው» እያሉ አዳራሹን ሁሉ ያስተካከሉ ጨዋ ሰው ናቸው አሉ።

ልጄ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ አፌን በእጄ ያዝኩ። አንቺም ሳትገምቺ አልቀረሽም። በእኔ አውቶቡስ ላይ ዘጠኝ ዓመት ትኬት የቆረጠው፣ ቀኑን ሙሉ «ጠጋ በሉ» ሲል ውሎ ስሙ በዚያው የቀረው የድሮ ባልደረባዬ ነው። ልጅ ሆነሽ ከኋላ በር ያለ ትኬት ያሳፍርሽ የነበረው ራሱ።

በመሀል ትልቋን አስጠሯት። በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ርዕሰ መምህርቷ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ሲሏት ቀጥ ብላ ቆማ «እውነተኛው አያቴ ይኼ ነው» አለች። አላለቀሰችም። በዚያች ልጅ ግትርነት ውስጥ ራሴን አየሁ፤ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ለምን ወላጅ አምጪ እንደተባለች ያወቅኩት ከዚያው መዝገብ ነው። መጀመሪያ በማርፈድ፣ ሁለተኛ ለስብሰባው፣ ሦስተኛ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አራት ቀን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስላልገባች ነው። በገባችበትም ቀን ዴስክ ላይ ተኝታ ትገኛለች ይላል። የኛ ትልቋ፣ ዘንድሮ መልቀቂያ የምትፈተነው፣ በሒሳብ ከወንዶቹ ሁሉ የምትበልጠው። ርዕሰ መምህርቷን አያቷ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይሉ ነበር ስላቸው፣ ሁልጊዜ «ቤት ሁሉም ደህና ነው፣ ትንሽ እንቅልፍ ስለምትወድ ነው፣ እኔ እመክራታለሁ» ይሉ ነበር አሉኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠጋ በሉ ሄድኩ። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ባለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ይዟል። እንደ እሳት እየነደድኩ ብደርስ ቀድሞኝ ወንበር ሳበልኝ። «አውቀሃል ማለት ነው፤ እግዜር ይመስገን፣ ደክሞኝ ነበር» አለኝ። ልጅቷ መጥታ «አንድ ቀን ብቻ አያቴ ይሁኑልኝ፣ እምቢ ካሉ ከቀን ሠራተኞቹ ተራ አንዱን ይዤ እሄዳለሁ» ብላው ነው። ለሻይ መጠጫ ብቻ አባት ሆነው የሚውሉ ሰዎች እንዳሉ ተማሪ ሁሉ ያውቃል አለ። «ታዲያ ያንተን ልጅ ለማላውቀው ሰው ልስጥ? ዘጠኝ ዓመት አንተ መንገዱን ስታይ ተሳፋሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይኼም ያው ነው ብዬ ነው» አለኝ። የገረመኝ ደግሞ ሥራውን ከልቡ ይሠራው ነበር። ከአስተማሪዎቿ ጋር ተነጋግሯል፣ የትኛው ትምህርት እንደሚከብዳት ያውቃል፣ ቆንጥጧትም ያውቃል። እኔ ይኼን ሁሉ አላውቅም ነበር።

ቤት ስገባ እናትሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እናትሽ በዚያ በርጩማ ላይ ከተቀመጠች አራት ወሯ ነው። ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራታ ጉልበቷ ተጎዳ። እኔ ለሁለት ቀን ያነከሰች መስሎኝ ነበር። ለካስ ከዚያ ወዲህ ማጎንበስም ውሃ ማንሳትም አትችልም። ልብሱን የምታጥበው፣ ውሃውን የምታስገባው፣ ቁርሱን የምታደርሰው፣ እናትሽን አልብሳና ጉልበቷን አሽታ፣ ትንሹን ወደ ትምህርት ቤቱ ሸኝታ የምትሄደው ትልቋ ነች። እናትሽ ለእኔ እንዳትነግር ብላ አስምላታለች። እኔ ካወቅኩ ለአንቺ እጽፋለሁ፣ አንቺ ካወቅሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ ይኼ ሁሉ ሲሆን የት ነበርኩ ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በድሮው የአውቶቡስ ጋራዥ የጠዋት ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገብቼ አውቶቡሶቹ ሲወጡ ጎማና መብራት አያለሁ፣ ረፋድ ላይ እመለሳለሁ። ዕድሜህ አይፈቅድም እንዳትይኝ ደበቅኩሽ። ቤቱ በጠዋት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ስለማላይ፣ ስመለስ ሁሉ ነገር ታጥቦና ተጠርጎ ስለማገኘው፣ እናትሽ እንደ ድሮዋ ናት ብዬ ደረቴን ነፍቼ እቀመጥ ነበር። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሁሉንም ሰብስቤ ጮህኩ። መቼም ስጮህ ታውቂኛለሽ፣ ሃምሳ ሰው የተሳፈረበት አውቶቡስ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። በዚህ ቤት ውሸት ማን አስተማረሽ አልኳት። ትልቋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ «አባባ፣ አንተ ነሃ» አለችኝ። «በየወሩ ለእማዬ የምትጽፈውን ከማሸግህ በፊት ጮክ ብለህ ታነብልናለህ። ጣሪያው ባፈሰሰ ወር ደህና ነን ብለህ ጻፍክ። ትንሹ ክንዱ በተሰበረ ወር ደህና ነን ብለህ ጻፍክ። ስትጽፍ ደግሞ በጣም ያምርልሃል። እኔም ትምህርት ቤት ደህና ነን የሚል ሰው ላክሁ» አለችኝ። እናትሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ትንሹ ሳቁ መጥቶበት ወደ ጓዳ ሮጠ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የልጅ ነገር ብዬ እንዳላልፈው የተናገረችው ቃል በቃል እውነት ነው።

አዎ፣ የትንሹ ክንድ ተሰብሮ ነበር። አምና ነው። ከብስክሌት ወደቀ፣ ታሰረለት፣ ድኗል፣ አሁን በዚያው ክንዱ ቮሊቦል ይመታል። በጊዜው አልነገርኩሽምና ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ርዕሰ መምህርቷ ክፉ ሴት አይደሉም፣ ግን በሐሰት አያት ሦስት ጊዜ ተሞኝተዋልና ከእንግዲህ በቃል የሚያምኑኝ አይመስልም። ልጆቹን ስታስመዘግቢ ፈራሚዋ አንቺ ነበርሽ፤ እኔና እናትሽ በወረቀት የልጆቹ ምንም አይደለንም። ስለዚህ ልጆቹን የምናሳድገው እኛ መሆናችንን የሚገልጽ የውክልና ወረቀት፣ አንቺ በምትኖሪበት አገር ማኅተም ተመቶበት፣ በአንቺ ፊርማ እንዲመጣ ጠይቀዋል። የመልቀቂያ ፈተናው ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት መድረስ አለበት። የቀረን አምስት ሳምንት ነው። ካልደረሰ ትልቋ ዘንድሮ አትመዘገብም። እስከዚያው እኔ በየዓርቡ እየሄድኩ ልፈርም ተስማምተናል። ሁለት ዓርብ ሄጃለሁ። ያ የጥበቃ ሠራተኛ አሁንም መታወቂያዬን እያየ ነው የሚያስገባኝ፤ ባለፈው ዓርብ ግን ለማሾፍ እንደሆነ ከፊቱ አወቅኩበት።

ሁለተኛው ነገር ይኸውልሽ። ነፍሱን ይማረውና የባልሽ እህት ወሬውን ሰማች። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኳትም፣ ወሬ መቼም በር አያንኳኳም። እሑድ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዘንጣ መጣችና እናንተ ደክማችኋል፣ ልጆች ማሳደግ የወጣት ሥራ ነው አለችን። ትልቋን ወስዳ እሷ ዘንድ ልታስቀምጣት፣ ቀን በሱቋ እያገዘቻት ማታ እንድትማር፣ ትንሹ ደግሞ ከእኛ ጋር እንዲቆይ አስባለች። ለአንቺም እንደጻፈችልሽ ነገረችን። ባለፈው ደብዳቤሽ «ከከበዳችሁ አክስታቸው አለች» ያልሽውን አልረሳሁትምና የእሷ ደብዳቤ ቀድሞኝ እንዳይሆን ብዬ ነው ይኼን በችኮላ የምጽፈው። ሴትዮዋን አላማትም፣ ለሠርግሽ ለፍታለች። ግን ያቺን ሱቅ አውቃታለሁ። ከዚህ በፊት ማታ ትማራለች ተብላ የገባች የእህቷ ልጅ እስካሁን እዚያው ሚዛን ላይ ቆማ ስኳር ትመዝናለች።

አክስቲቱን አይሆንም ብዬ ሸኘኋት። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ግን ከጋራዡ አስፈቅጄ ቤት ብውል፣ ትልቋን ሻንጣዋን በር አጠገብ አስቀምጣ ዩኒፎርሟን ለብሳ አገኘኋት። አልጋዋን አንጥፋለች፣ መጻሕፍቷን ለትንሹ በመደርደሪያው ላይ ደርድራለች፣ የእናትሽን የጉልበት ቅባት የት እንዳለና ስንት ጊዜ እንደሚታሸት በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ምንድን ነው ይኼ ብላት «አባባ፣ አንድ ሰው ቢቀንስላችሁ ይሻላል። አክስቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ስታለቅሺ አይቶሻል እንጂ አንቺ ሲያለቅስ አይተሽው አታውቂም። እሷንም አላሳየኋትም። ሻንጣዋን አንስቼ ወደ ክፍሏ መለስኩትና ልብሶቿን አንድ በአንድ በእጄ ሰቀልኩ። የሴት ልብስ አሰቃቀል አላውቅበትም፣ ቀሚሱን ሁሉ በእጅጌው ነው የሰቀልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ተሳፋሪ ሳይደርስ አውርጄ አላውቅም፣ በአንቺ አልጀምርም፣ ሂጂ ረፍዶብሻል አልኳት። ሄደች። ያን ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ገብታለች፤ ጠጋ በሉ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ሆኖ አይቷታል።

ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሥርዓት ቀይረነዋል። የጋራዡን አለቃ ጠዋቱን ተውልኝ፣ ከሰዓት አድርግልኝ ብዬ አስፈቅጃለሁ። ውሃውን የሚያስገባው ትንሹ ነው። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ አሁን በአንድ ጊዜ ሁለት ባልዲ አነሳለሁ እያለ ለሰፈሩ ልጆች ክንዱን ያሳያል። እናትሽ በርጩማዋ ላይ ሆና ታዛለች፤ ለካስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጣችው ይኼን ሥልጣን ነበር። ጉልበቷን ሐኪም አይቶላታል። ቀስ በቀስ እንድትራመድ ከግድግዳ ግድግዳ በቀን አሥር ጊዜ ተመላለሺ ብሏታል። ስድስት ጊዜ ትሄድና አሥር ሞላሁ ትላለች። እኔ ደግሞ አልተውላትም።

ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ሳቂ፣ ሳቂ። በመጀመሪያው ቀን የትንሹን ነጭ ሸሚዝ ከእኔ ሰማያዊ የጋራዥ ቱታ ጋር ዘፍዝፌው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ልጁ እሱን ለብሶ ሲሄድ ጓደኞቹ ጋራዥ ገባህ ወይ ብለውታል። ያንን ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር አንቺ ታውቂያለሽና ላኪልኝ፤ ነገሩን ሳይሆን አሠራሩን ማለቴ ነው። በሆቴል ውስጥ የስንት ሰው አንሶላ የምታነጪ ልጅ እያለችኝ የልጅ ልጄ በሰማያዊ ሸሚዝ አይንከራተትም። ጎረቤቶቼ አጥር ላይ ሆነው ሲያዩኝ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። አሁን ሰላምታ እሰጣቸዋለሁ፣ ማስጫ ገመዱንም እስከ ውጭ በር ድረስ ዘርግቼዋለሁ።

እንግዲህ ልቤ የቆረጠውን እወቂልኝ። ልጆቹ አይለያዩም። ትልቋ ከዚህ ቤት ወጥታ ተፈትና ወደዚሁ ቤት ትመለሳለች። እኔና እናትሽ አርጅተናል፣ እውነት ነው። ጉልበቷ ይቆረጥማታል፣ የእኔም ግራ ዓይን ደብዘዝ ማለት ጀምሯል፤ ይኼንንም አሁን ነው የነገርኩሽ። ግን ማርጀትና መሸነፍ ለየብቻ ናቸው። ለአክስታቸው አይሆንም ብለሽ ጻፊላት። ትምጪ ወይም አትምጪ አልልሽም። እስከ ዛሬ ደህና ነን እያልኩ እዚያ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ያለውን እንዳለ እነግርሻለሁ፣ አንቺም አይተሽ ትወስኛለሽ። ናፍቀሽን ከመጣሽ በሩ ክፍት ነው። ልጆቹን ማሳደግ አቃታቸው ብለሽ እንዳትመጪ ግን፤ አላቃተንም።

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠየቅኩሽ ልመለስ። እጆችሽ እንዴት ናቸው? ልጄ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደብዳቤዎች የጻፈው እጅ ያንቺ አይደለም። ቃሉ ያንቺ ነው፤ «አባዬ» እያልሽ የምትቀልጅው አንቺው ነሽ። ጽሕፈቱ ግን የሌላ ሰው ነው። ያንቺ ጽሕፈት ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ነፋስ እንደመታው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ስንት ጊዜ ቀጥ አድርጊ ብዬ ተቆጥቼሻለሁ። ይኼኛው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ያማረ፣ የማላውቀው ሰው ጽሕፈት ነው። እናትሽም አይታዋለች። ሁለታችንም አይተን፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር፣ በየፊናችን አልጋ ላይ ስንገላበጥ ከረምን። ደብዳቤው «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ይላል። አሁን ያ በረኛ ልጅ በጣም ገባኝ። እኔም በሬ ላይ ቆሜ የምልሽ እሱ ያለኝን ነው፤ የልጄን ጽሕፈት በደንብ አውቀዋለሁ፣ ይኼ አይደለም።

የጻፈችልሽ ያቺ የምታንኮራፋው ከሆነች እግዜር ይስጥልኝ በያት፣ በእኔ ስም ሻይ ጋብዣት። ጠጋ በሉን ይቅር ያልኩ ሰው እሷን አልቆጣም። የውክልናው ወረቀት ላይ ግን እሷ አትፈርምልሽም። ብዕሩን አንቺ ትይዣለሽ። ቢንቀጠቀጥም፣ ቢንጋደድም፣ ቀኝሽ እምቢ ካለ በግራሽም ቢሆን፣ ያንቺ ይሁን። ፊርማሽን ርዕሰ መምህርቷ ሳያዩት እኔ አየዋለሁና እጅሽ ምን ያህል እንደታመመ ከዚያ አነባለሁ፤ ስለዚህ አትድከሚ፣ አስቀድመሽ ራስሽ ንገሪኝ። የልብስ ማጠቢያው ኬሚካል አቃጥሎት ነው? ማሽን ይዞት ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከአያቶችሽ ጀምሮ ሰምተሻል።

እናትሽ ጉልበቷን አቅፋ ትስምሻለች። እጅሽን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈሽ ቅባት ተቀቢው፣ ሳትሸፍኚው አትውጪ ብላለች። ትንሹ ሰላም ብሎሻል፤ ሰማያዊው ሸሚዝ ለእሱ ምንም እንዳልሆነ፣ የጫማው ቁጥር ግን በሁለት እንደጨመረ ጻፍልኝ ብሏል። ጠጋ በሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ ሊጫወት ይመጣል፣ ሲሸነፍ ድንጋዮቹን ያተራምሳል፣ አንቺንም ከኋላ በር ግቢ ብሎሻል። ትልቋ የምትልሽን በራሷ አፍ እንድትነግርሽ ብዬ ዝቅ ብሎ ቦታ ትቼላት ነበር፤ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፣ እሱንም አጥፊው አላልኳትም፦

«እማዬ፣ ደክሞኛል፣ ግን ዛሬም አላረፈድኩም።»

እንደ ልማዳችን ይኼን ሁሉ ከማሸጌ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ እጅሽ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ እናትሽ «እሱን አውጣው፣ ይከፋታል» አለች። ትልቋ ግን ፖስታውን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠችና «አይወጣም። አባባ፣ አሁን ፈርምበት» አለችኝ። ፈረምኩ። ይኼኛው የእኔ ነው።

አባትሽ
ከአሮጌው አውቶቡስ ማዞሪያ ጀርባ፣ ከቤትሽ
ኅዳር 14 ቀን